የገጠር ካውንቲ የወንጀል ሪከርድ፦ ማንም በስም ፈልጎ ይየው ወይስ ይቅር?

ቨርጂኒያ ውስጥ ከዊንቸስተር እስከ ብሪስቶል በኢንተርስቴት 81 የሚነዳ ሰው ብዙ ትናንሽ የገጠር ካውንቲዎችን ያቋርጣል። መንገድ ላይ ከተያዘ ክሱ የሚታየው በተያዘበት ካውንቲ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል መብለጥ ተራ የትራፊክ ጥፋት አይደለም። ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ይባላል፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያለው ወንጀል ነው። መዝገቡንም ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ስም ጽፎ፣ በነፃ ያየዋል። ይህ ይቀጥል? በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። አንዱ ረጅም ዘመን ትራክ የነዱ አባት ናቸው። ሌላዋ በፍርድ ቤቶች አማርኛ የምታስተረጉም ወጣት ናት።

ሹፌሩ፦

ፍርድ ቤት የሕዝብ ነው። በአደባባይ የተፈረደ ነገር ጓዳ ሊገባ አይገባም። ለዚህ ምስክር ሩቅ አልሄድም፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ሃኖቨር ካውንቲ አለ። አንድ ዳኛ የነፍስ ግድያ ክስ ሲያይ ጋዜጠኛውንም ተመልካቹንም ከችሎት አስወጣ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1980 ተወሰነ፦ የወንጀል ችሎትን ሕዝብ የመከታተል መብት አለው። እኔ ይህን ውሳኔ የምወደው ስደተኛ ስለሆንኩ ነው። በር ተዘግቶ ሲፈረድ መጀመሪያ የሚጎዳው ዘመድ የሌለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከእኛው ኑሮ የመጣ ነው። አንድ ሹፌር ከዓመታት በፊት አንዲት ገጠር ካውንቲ ውስጥ ተይዟል እንበል። ጠበቃ ያዘ፣ ቅጣቱን ከፈለ፣ ረሳው። ዛሬ የዜግነት ማመልከቻ ሊሞላ ነው። ኤን 400 ፎርሙ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ይለዋል። አዎ ካለ የፍርድ ውጤቱን፣ ማህተም ያለበትን ወረቀት አምጣ ይባላል። የካውንቲውን ስም እንኳ ላያስታውስ ይችላል። ያ ፍርድ ቤት የሚከፈተው በሥራ ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ በሥራ ቀን ኦሪገን ላይ ጭነት እያራገፈ ነው። ኦንላይን ካለ ግን እዚያው ትራኩ ውስጥ ሆኖ የመዝገብ ቁጥሩን ያገኛል። ከዚያ ለክለርኩ፣ ማለትም ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ፣ ደብዳቤ ይጽፋል ወይም ይደውላል፤ ክፍያውን ይልካል፤ ወረቀቱ ይመጣለታል። ይህን በር መዝጋት ለማን ይጠቅማል?

ሞግዚት የምትፈልግ እናትም አለች። እኛ ሞግዚት የምናገኘው በሰው በሰው ነው። «ጥሩ ልጅ ናት» ተብሎ ያበቃል። እናትየዋ ልጇን ከመስጠቷ በፊት አንድ ስም ብትጽፍ ምን ነውር አለው?

አስተርጓሚዋ፦

ጋሼ፣ ሁለት ነገር አብረው አንድ ላይ ጠቅልለዋል። ችሎቱ ክፍት ይሁን ከተባለ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ማንም ሰው መጥቶ ይቀመጥ፣ ይስማ፣ ይጻፍ። መዝገቡንም ክለርኩ ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ። የምቃወመው ሌላ ነው። የሰው ስም ብቻ ተጽፎ የሰውየው ያለፈ ሕይወት እንዲዘረገፍ የሚያደርገውን ፍለጋ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1989 ይህን ልዩነት አይቶታል። ጋዜጠኞች ኤፍቢአይ የሰበሰበውን የአንድ ሰው የወንጀል ታሪክ ይሰጠን ብለው ነበር። መረጃው እኮ በየካውንቲው ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ምን ምስጢር አለው አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። በየካውንቲው ተበትኖ ያለ ወረቀትና ባንድ ቦታ ተሰብስቦ የተቀመጠ ታሪክ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የሰውን ግላዊ ሕይወት ይነካል አለ።

የቨርጂኒያ ነገር ደግሞ እርስ በርሱ ይጋጫል። ስቴት ፖሊስ ዘንድ ሄደው የሌላ ሰው የወንጀል ታሪክ ይሰጠኝ ቢሉ ሰውየው ፈቅዶ የፈረመበት ፎርም ያስፈልግዎታል። የፍርድ ቤቱ የኦንላይን ፍለጋ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባለ መዝገቡም ማን እንዳየው በጭራሽ አያውቅም።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። የማንንም ጉዳይ ስም ጠርቼ አላነሳም፤ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ግን ሁላችንም የምናውቀውን እናገራለሁ። በስደተኝነት ከመጡት ወገኖቻችን ስንቱ ነው የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 የሆነው? ቀኑን የማያውቅ ሰው ካምፕ ውስጥ እንዲያ ተሞላለት፤ ግሪን ካርዱም መንጃ ፈቃዱም ላይ እንዲያው ቀረ። የቨርጂኒያው ፍለጋ ደግሞ የልደት ወርና ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ዓመቱ በኮከብ ምልክት ተሸፍኗል። ለአሜሪካዊ ወርና ቀን ሰው ለመለየት ይረዳል። ለእኛ ግን መሐመድ አሕመድ፣ ጃንዋሪ 1። ተስፋዬ በቀለ፣ ጃንዋሪ 1። የትኛው ተስፋዬ? አባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ በዚያ ላይ አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት ፊደል ስለሚጻፍ፣ የሌላው ሰው ጥፋት በእሱ ላይ ይለጠፋል። ያጠፋውም ሰው በሌላ ፊደል ስለተጻፈ ሳይገኝ ይቀራል።

የተገኘውን እንኳ ማን በትክክል ያነበዋል? ሬክለስ ተብሎ ተከሶ የነበረ ሰው ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ ዝቅ አድርጎለት ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ይሆናል። ያ ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ የትራፊክ ጥፋት ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ግን የመጀመሪያው ክስ አለ። ሌላው ላይ «ኖሌ ፕሮሴኩዊ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አልቀጥልም አለ ማለት ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ይህን ሲያይ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ተከሷል። አለቀ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራይቷል ይባላል፤ ምክንያቱን የሚነግረው የለም።

ሹፌሩ፦

እህቴ፣ የስሙ ነገር እውነት ነው፤ አልክድም። ግን መፍትሔሽ የሚጠቅመው ማንን ነው? ኦንላይኑ ቢዘጋ መረጃው የትም አይሄድም። የባክግራውንድ ቼክ ካምፓኒዎች፣ የሰውን ያለፈ ታሪክ የሚያጣሩት፣ ኦንላይን በሌለበት ካውንቲ ሰው ይልካሉ። በየፍርድ ቤቱ እየዞረ መዝገብ የሚገለብጥ፣ በዚህ ሥራ የሚኖር ሰው አለ። የሰበሰቡትን ይሸጣሉ። እና ትልቁ አሠሪ፣ ትልቁ አከራይ ገዝቶ ያያል። ማየት የሚሳነው ባለ መዝገቡ ራሱ ነው።

ስህተት ቢኖር ደግሞ ክፍት ሲሆን ነው የሚታየው። እኔ ስሜን ጽፌ የሌላ ሰው ጥፋት በስሜ ሲመጣ ካየሁ ቀድሜ እዘጋጃለሁ። የካምፓኒው ማህደር ውስጥ ያለውን ስህተት ግን የማውቀው ሥራ ከተከለከልኩ በኋላ ነው። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰውን የትራንስዩኒየንን፣ የክሬዲት ሪፖርት የሚሸጠውን ካምፓኒ፣ ጉዳይ ታውቂዋለሽ። መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው፣ ስሙ በመንግሥት የአሸባሪዎችና የዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ላይ ካለ ስም ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ፣ ሻጩ አልሸጥልህም አለው። ያ ስህተት የመጣው ከክፍት የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም። ስምን ከስም ጋር አመሳስሎ ከሚሸጥ ካምፓኒ ነው።

አስተርጓሚዋ፦

ምሳሌዎ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፣ ጋሼ። ስምን ብቻ አይቶ ሰውን መወሰን ይጎዳል፤ እኔም ያልኩት ይህን ነው። ልዩነቱ ካምፓኒውን የሚይዝ ሕግ መኖሩ ነው። ከ1970 ጀምሮ የፌደራል ሕግ አለ። ለሥራ ባክግራውንድ ቼክ ሲደረግ አሠሪው በጽሑፍ ያስፈቅድዎታል። በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክልዎት ከሆነ አስቀድሞ ቅጂውን ይሰጥዎታል። ስህተት ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ፍርድ ያልተሰጠበት እስራት ከሰባት ዓመት በኋላ በአብዛኛው በሪፖርቱ ላይ አይወጣም። ያ ሰውዬ ተከራክሮ ፍርድ ቤት የደረሰው በዚህ ሕግ ነው።

ስልኩን አውጥቶ የሰው ስም የሚጽፈውን ጎረቤት ግን ምን ሕግ ይይዘዋል? የእኛን ማኅበረሰብ ያውቁታል። ልጅቷ ልታገባ ነው ሲባል የልጁ ስም ይፈለጋል። እቁብ ሊገባ ነው፣ ይፈለጋል። የእድር ሊቀመንበር ሊመረጥ ነው፣ ይፈለጋል። አንድ ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ከስንት ዓመት በፊት በሃያ ዓመቱ የሠራውን ነገር ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲያስረዳ ይኖራል። ፔንሲልቬንያ በ2018 የቆዩ ቀላል ጥፋቶችን በራሱ ጊዜ የሚያሽግ ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያም በ2021 መዝገብ የሚታሸግበትን ሕግ አጽድቃለች። መንግሥት መዝገቡን ያሽጋል። ስክሪንሾቱን ግን ማንም አያሽገውም።

ሞግዚቷን በተመለከተ መልስ አለኝ። እናትየዋ ሞግዚቷን ይህን የስቴት ፖሊስ ፎርም ፈርሚልኝ ትበላት። ያኔ ውጤቱ ከመላው ቨርጂኒያ ይመጣል፤ ሞግዚቷም ታውቃለች። በድብቅ ስም መጻፍ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። የቨርጂኒያ ፍለጋ ሜሪላንድ ውስጥ የሆነውን አያሳይም። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ የዚያው የ81 መንገድ ጎረቤት ናት። «ምንም አልተገኘም» የሚለውን አይታ ልጇን የሰጠች እናት ተረጋግታ ነው የምትሄደው፤ ያረጋገጠችው ግን ምንም የለም።

ሹፌሩ፦

የፎርሙን ነገር ልቀበል። ለእናትየዋ እሱ ይሻላል።

ቴሌግራሙን በተመለከተ ግን ሐሜትን ፍርድ ቤት አልፈጠረውም። መዝገብ በሌለበት ሀገርም እናማለን። እንዲያውም መዝገቡ ሲኖር «ክሱ ተዘግቷል፣ ይኸው» ብሎ አፍ ማስያዝ ይቻላል።

አሁን ግን ዋናውን ልናገር፤ እስካሁን ያላነሳሽው እሱን ነው። አንቺ የምታወሪው ስለ ተከሳሽ ብቻ ነው። እኔ ስለ ፍርድ ቤቱም እጠይቃለሁ። ሃይላንድ ካውንቲ ሕዝቡ ሁሉ ተደምሮ ወደ 2,200 ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሸሪፉ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃው አብረው ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። የአካባቢው ልጅ በ90 ማይል ተይዞ ክሱ ዝቅ ሲልለት፣ አማርኛ ተናጋሪው ሹፌር በዚያው ፍጥነት ተይዞ በወንጀል ቢፈረድበት በምን እናውቃለን? መዝገቡን ከመዝገብ ጋር በማስተያየት ነው። ጋዜጠኛ፣ ተመራማሪ፣ አንድ ትጉ ጠበቃ ይህን የሚያደርገው ሁሉም ክፍት ሲሆን ነው። ለአንድ መዝገብ አንድ ደብዳቤ እየጻፈ ሺህ መዝገብ ማን ያያል?

አስተርጓሚዋ፦

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ለዚያ ግን ስም አያስፈልግም። የተከሰሰበት ፍጥነት፣ የመጀመሪያው ክስ፣ የተፈረደው፣ የዳኛው ስም፣ የተከሳሹ ዘር፣ አስተርጓሚ መኖር አለመኖሩ ይውጣ። ተመራማሪው ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል? ስሙ ይቅር። ባለቤቱ ደግሞ በመዝገብ ቁጥርም፣ ቁጥሩ ከጠፋበት በስሙና በሙሉ የልደት ቀኑ፣ ማንነቱን አረጋግጦ የራሱን ያውጣ። ኦሪገን ያለው ሹፌርዎ አይጎዳም።

ሹፌሩ፦

የባለቤቱን እሺ ብያለሁ። ያለ ስም መዝገብ ግን አይበቃም። የሸሪፉ የወንድም ልጅ ክሱ ተሰርዞለት ከሆነ፣ ያለ ስም እንዴት ይታወቃል? ጋዜጠኛ ችሎት ይቀመጥ ትይኛለሽ፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ የገጠሩ ጋዜጣ በየቦታው ተዘግቷል። የሚቀመጥ ሰው የለም። ስሙ ኦንላይን ካልወጣ እዚያ የሆነውን የሚያውቁት እዚያ ያሉት ብቻ ናቸው።

አስተርጓሚዋ፦

እንግዲያስ የባለሥልጣን ዘመድ ያለበትን መዝገብ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ለክለርኩ ምክንያቱን ጽፎ ይጠይቅ፤ ይሰጠው። ለእሱ ሲባል የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ስም ለሁሉም ስልክ አይከፈትም።

አንድ ነገር ላይ ግን አብረን ለአንባቢ እንናገር፣ ጋሼ። ቨርጂኒያ ውስጥ የጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት (የትራፊክና የቀላል ወንጀል ጉዳይ የሚያየው የታችኛው ፍርድ ቤት) የቀላል ወንጀል ሰነዶች የሚቆዩት በአብዛኛው ለአስር ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሊወገዱ ይችላሉ። ኢሚግሬሽን ግን መዝገቡ ቢወገድም፣ ቢታሸግም፣ ቢሰረዝም ጥያቄውን አይተውም።

ሹፌሩ፦

እሱ ላይ ጠብ የለንም። የራስን የወንጀል ታሪክ ከኤፍቢአይ በ18 ዶላር፣ በአሻራ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ መያዙን ጽፎ ውጤቱን አይጽፍም። ስለዚህ ገጠር ካውንቲ ውስጥ ተይዞ የሚያውቅ ሰው ማመልከቻ እስኪሞላ አይጠብቅ። አሁኑኑ ለክለርኩ ይደውል፤ ማህተም ያለበት ሁለት ቅጂ ያውጣ፤ አንዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጥ። በስም ፍለጋውን ግን እህቴ፣ ይዘጋ ስትይ አልፈርምልሽም።

አስተርጓሚዋ፦

እኔም ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ሁሉ በሌላ ሰው ጥፋት እስኪጠየቅ ድረስ ክፍት ይሁን ሲሉ አልፈርምልዎትም።