ምጣዱ የማን ነው?

የክርክሩ ርዕስ፦ መርዝ የሌላቸውን እባቦች ቤት ውስጥ ማርባት በፈቃድ ይፈቀድ ወይ? ሁለቱም ተከራካሪዎች የባህር ዳር ሰዎች ናቸው። የሚደግፈው ሽምብጥ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት አርቢ ነው። የሚቃወሙት ባዮሎጂ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው።

አርቢው፦

እባብ ሲባል ሰው ሁሉ ድንጋይ ያነሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኛ ጋ ግን ልጡም ጭምር ይቀጠቀጣል። መርዝ ያለውን ከሌለው የሚለይ የለም። የእኔዋን ያገኘኋት የቤት መሠረት ሲቆፈር ነው። ቡናማ ናት፣ ክንድ ከስንዝር ትሆናለች። መርዝ የላትም። ሌሊት ወጥታ አይጥ ጠምጥማ ነው የምትበላው። ሠራተኞቹ አካፋ አንስተውባት ነበር። ለምኜ ከእጃቸው አስጣልኳት።

ቤት ከገባች ወር ሳይሞላት 9 እንቁላል ጣለች። እንደ ዶሮ እንቁላል እንዳይመስላችሁ። ቅርፊቱ ቆዳ ነው የሚመስለው፣ ሲነኩት ይሰረጉዳል። ደግሞ ዶሮ እንቁላሏን ታገላብጣለች፣ የእባብ እንቁላል ግን ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ሽል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከማንሳቴ በፊት እያንዳንዱ አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ። ዓሣ በበረዶ የሚጫንበትን የፎም ሳጥን ለምኜ አመጣሁ። እርጥብ አሸዋ አነጠፍኩ። ሙቀቱን 28 ዲግሪ አካባቢ ያዝኩት። መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ ጎናቸው እደረድር ነበር። የታኅሣሥን ብርድ እንዲህ አሳለፍነው። ሁለት ወር አልፎ 7ቱ ቅርፊታቸውን ቀደው ወጡ።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ አድርጎታል። የምዕራብ አፍሪካዋ ትንሽ ዘንዶ በየቀለሙ ትራባለች፣ ባለቤቶቿም ይተዳደሩባታል። እኛ ግን የፎገራን ሩዝ አይጥ ሲበላው እያየን አይጥ በሊታውን እንገድላለን። ፈቃድ ይሰጠን፣ በሥርዓት እናርባ። የእኔዋ አስቸግራኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ከሳጥኗ ወጥታ ጠፋች፣ በሦስተኛው ቀን ከምጣድ ሥር አገኘኋት።

መምህርቷ፦

እኔ እባብ አልፈራም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠርሙስ ያለውንም በሕይወት ያለውንም በእጄ ይዤ ለተማሪ አሳይቻለሁ። ስለ ልጡ ተረቱን ለሌላ ሰው ንገር።

የመጨረሻውን መስመርህን ሁለቴ አነበብኩት። «ከምጣድ ሥር» ትላለህ። የማን ምጣድ? ተከራይ ነህ። እኛ ሰፈር የተከራይ ማድ ቤት የጋራ ነው። ሦስት ቀን እባብ ግቢው ውስጥ ሲዞር ለማን ተናገርክ?

ሕጉንም እናንሳ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አንተ ፈቃድ ይሰጠን እያልክ ነው፣ እንቁላሉ ግን ተፈልፍሏል። ጣና ዳር ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። እምቦጭም በዓለም የተሠራጨው አበባው አምሮ ነው። እኛ ሐይቅ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ፣ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖረ።

አርቢው፦

መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ግን እምቦጭን ከእባቤ ጋር ማያያዝዎ አሳዝኖኛል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። የእኔዋ የተገኘችው እዚሁ አፈር ውስጥ ነው። ብታመልጥ እንኳ የምትሄደው ወደ ቤቷ ነው። አርባ ምንጭ አዞ ሲረባ ማን ጮኸ? አዞ ሰው ይበላል፣ የእኔዋ አይጥ ናት የምትበላው።

ምጣዱን ደግሞ ምን አመጣው? ሙቀት ፈልጋ ነው የሄደችው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ ነው የሚያገኘው። ይህን ለኛ ያስተማሩን እርስዎና ባልደረቦችዎ ናችሁ። ሌሊት ሲበርድ የተጋገረበት ምጣድ ሥር ብትገባ ምን ይገርማል? ክዳኑን አጥብቄያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

መምህርቷ፦

ለምን እንደሄደች አልጠየቅኩህም፣ አውቀዋለሁ። የማን ምጣድ ነው? የአርባ ምንጩ አዞ አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው። እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም እንጀራ አይጋግርም።

«ወደ ቤቷ ነው የምትሄደው» ስትል ደግሞ የራስህን ምሳሌ ረሳኸው። ያደነቅካት የምዕራብ አፍሪካዋ ዘንዶ የዚህ አገር አይደለችም። ዛሬ ለቡናማዋ ፈቃድ ብንሰጥ ነገ እሷን ከማምጣት ማን ያግድሃል? ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ዛሬ የሚራባው የእስያ ዘንዶ ከአርቢና ከባለቤት እጅ የወጣ ነው። አሜሪካ ማስገባቱን የከለከለችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ ረግረጉን ከሞላው በኋላ።

የምዕራብ አፍሪካዋን ዘንዶ ቀለምም አውቃለሁ። ከቀለሞቹ አንዱ «ሸረሪት» ይባላል። ያንን ቀለም የሚያመጣው ዘር ሚዛን የሚጠበቅበትን የጆሮ ክፍል ያበላሻል። እባቧ አንገቷን ቀጥ አድርጋ መያዝ ያቅታታል፣ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል። ይህ እየታወቀ ስላማረ ብቻ ያራቡታል። የአንተዋን ከአካፋ አስጣልኳት ብለሃል። ታዲያ 7ቱ ልጆቿ የት ናቸው?

አርቢው፦

እኔ ስለ ቀለም ብዬ አላረባሁም። ከአካፋ ነው ያዳንኳት። እርስዎ ጥፋተኛ እያደረጉኝ ነው። እነዚያ ሠራተኞች ቢገድሏት ኖሮ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም ነበር። ያተረፍኩት እኔ ነኝ የምጠየቀው።

ከ7ቱ አራቱን ከተገኘችበት ብዙም ሳልርቅ፣ ሣር ያለበት ቦታ ለቀቅኳቸው። ሦስቱ እኔ ጋ አሉ፣ ገና ጸጉር ያላበቀለ ጨቅላ አይጥ እየበሉ ነው። መምህር፣ ቢያዩዋቸው እንደ እርሳስ ቀጭን ናቸው።

ምጣዱ የጎረቤቴ ነው። እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ልጆች አሏት። በዚያ ሦስት ቀን ሁለት ጊዜ ጋግራለች። አልነገርኳትም። ዛሬም አታውቅም። ብነግራት ትገድላት ነበር።

መምህርቷ፦

ይኸውልህ፣ ስንጀምር ከመንግሥት ነበር ፈቃድ የጠየቅከው። ሴትዮዋ ግን በዚያ ሦስት ቀን ሁለቴ ምጣዷ ሥር እጇን አስገብታ ይሆናል። ነገ ሳጥኑን ይዘህ ሂድና ንገራት። ክዳኑን ከፍተህ አሳያት፣ ስለ እርሳሱ ነጥብም አውራት። ብትገድላት አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። ማድ ቤቱ ግን የእሷም ነው።