ሦስት ሰዓት ሙሉ ወርዶ ዜሮ ኪሎባይት

ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ጋቢ ተከናንቤ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጫለሁ። የደረሰብኝን ለአንድ ሰው ሳልናገር የምተኛ አይመስለኝም፤ ቤተሰቡ ደግሞ ተኝቷል። ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ሥራዬ ከካርታ ጋር ነው። ከአየር ላይ የተነሱ ፎቶግራፎችን የያዘ 6 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ማውረድ ነበረብኝ። የሚወርደውም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ የራሱ ዓርማና የይለፍ ቃል ባለው ፕሮግራም ነው። ቀን ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ፣ የሌሊቱ ጥቅልም ረከስ ስለሚል፣ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ አስጀመርኩት። በሰከንድ 500 ኪሎባይት ያህል ይገባል። በዚህ አካሄድ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ይሁን፤ ከዚህ ሰፈር መሀል ከተማ ለመግባት በየጠዋቱ ወረፋ የሚይዝ ሰው ሦስት ሰዓት አያስደነግጠውም።

91 በመቶ ላይ ሲደርስ የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ። የማውሱ ቀስት ባለበት ደረቀ። የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ማቋረጥ ይርገበገባል። የፕሮግራሙ መስኮት ቀስ እያለ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቢያንስ የወረደው ተቀምጧል ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። ስሙም ትክክል ነው። መጠኑ ዜሮ ኪሎባይት።

ዜሮ! ከ5 ጊጋባይት በላይ ገንዘብ ተከፍሎበት ቤቴ ድረስ መጥቶ የት ገባ?

የገባውማ ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ የያዘለትን ሁሉ የሚለቅ ጊዜያዊ ማስቀመጫ። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዲት ባይት እንኳን ዲስክ ላይ አላሳረፈም። ፋይሉን በስሙ ከፍቶ ባዶውን አስቀምጦ፣ የሚመጣውን ሁሉ ሚሞሪ ውስጥ እያጨቀ፣ መጨረሻው ሲደርስ በአንድ ጊዜ ሊጽፈው ነበር ዕቅዱ። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ ከዚያ ላይ ዊንዶውስ ድርሻውን ወስዷል። የቀረው ሲሞላ ዊንዶውስ በጭንቀት ከሚሞሪ ወደ ሃርድ ዲስክ ማሸሽ ጀመረ። የመብራቱ መርገብገብ ምስጢር ይኸው ነው። እስቲ አስቡት፤ ዲስኩ ላይ መጻፉ አልቀረም፣ ፋይል ሆኖ ግን አልተጻፈም።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም በአብዛኛው ሌሊት። ምድር ቤት ያሉት እማማ ውሃ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? ጎማውን ከቧንቧው ላይ ይሰኩና ጫፉን በርሜሉ ውስጥ ይከታሉ። ጎማው ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ውሃ ምናልባት ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፤ በርሜሉ ግን ሁለት መቶ ሊትር ይሞላል። ውሃው መሀል ላይ ቢሄድ እንኳን የተቀዳው የእሳቸው ነው። ይህን ፕሮግራም የጻፈው ሰው የእማማ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሁለት መቶውን ሊትር በአፉ ይዞ ቆይቶ በርሜሉ ላይ ሊተፋው ይሞክር ነበር።

ጠዋት ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ስልክ ደወልኩ። በትዕግሥት ነው ያስረዳሁት። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወጣት አዳምጦኝ ሲያበቃ «ወንድሜ፣ ሚሞሪ ብትጨምርበት ይሻላል» አለኝ። እሺ፣ ልጨምር። ነገ የፋይሉ መጠን 20 ጊጋባይት ሲሆንስ? ፋይል ባደገ ቁጥር ኮምፒውተር ልገዛ ነው?

ፕሮግራሙ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ውስጡን ገልጬ አየሁት። ሪኩዌስትስ የሚባለውን የታወቀ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ከኢንተርኔት መረጃ ለማምጣት ቀድሞ የተዘጋጀ ኮድ ነው የሚጠቀመው። ይህ መሣሪያ ካልነገሩት በስተቀር የሚመጣለትን መልስ በሙሉ ሚሞሪ ውስጥ ያነባል። «ስትሪም» የሚለውን ምርጫ «እውነት» ብለህ፣ መረጃውን በ64 ኪሎባይት ወይም በ1 ሜጋባይት ቁራጭ እየተቀበልክ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ወዲያው ፋይሉ ላይ ብትጽፍ ግን ፋይሉ 6 ይሁን 60 ጊጋባይት የሚሞሪው ፍጆታ አያድግም። ሦስት አራት መስመር ነው ልዩነቱ! አሳዛኙ ነገር ኮዱ ውስጥ ከታች ሌላ ሙከራም ነበር፦ አንዱ ብልህ በቁራጭ መቀበሉን አስታውሶ፣ ቁራጮቹን ሁሉ እዚያው ሚሞሪ ላይ ዝርዝር ውስጥ ሲያጠራቅም ቆይቶ መጨረሻ ላይ ያያይዛቸዋል። ውሃ በጆግ ቀድቶ፣ በርሜሉን ትቶ፣ ሺህ ጆግ ሳሎን ውስጥ መደርደር። አዲስ ቢሮ ውስጥ፣ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን፣ በ10 ሜጋባይት ፋይል ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ ሄዷል።

እኔም ተናድጄ የራሴን ጻፍኩ። በሁለተኛው ሌሊት የሚሞሪው ፍጆታ 40 ሜጋባይት አካባቢ ሆኖ ፋይሉ ዓይኔ እያየ ሲያድግ እንዴት ደስ እንዳለኝ! 2.1 ጊጋባይት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ሁሉም ነገር በአንዴ ጭልም አለ። ተሳድቤ ተኛሁ።

ጠዋት ሳየው 2.1 ጊጋባይቱ ቁጭ ብሏል። ፋይሉን የሚልከውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ «ከዚህ ባይት ጀምረህ ላክልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሬንጅ ይባላል፣ ከ1997 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ኤችቲቲፒ በሚባለው የድረ ገጽ መነጋገሪያ ውል ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሰርቨሩ 206 የሚል የመልስ ቁጥር ከሰጠ የጠየቅከውን ክፍል ብቻ እየላከ ነው፤ ከነበረው ላይ ትቀጥላለህ። 200 ካለ ግን ልመናህን ትቶ ከመጀመሪያው ጀምሯል፤ ይህን ሳታይ ከነበረው ላይ ከቀጠልክ አንድ ተኩል ራስ ያለው ፋይል ታወርዳለህ። የእኔው ሰርቨር 206 አለ። የሰርቨሩ ባለቤቶች ሥራቸውን ሠርተው ነበር ማለት ነው! ማውረጃው ብቻ ነው አንድም ቀን ያልጠየቃቸው።

በሦስተኛው ሌሊት ወርዶ አለቀ። መጠኑን ከሰርቨሩ ቁጥር ጋር አስተያየሁ፣ ልክ ነው። ቢሮ ላደርሰው 32 ጊጋባይት ፍላሼን ሰክቼ ልገለብጥ ስል ዊንዶውስ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ፍላሹ ባዶ ነው! ለካ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ኖሮ፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

አሁን ፍላሹን በሌላ ፎርማት እያሰናዳሁ ነው። ከታች እማማ «ውሃ መጣ!» እያሉ ደረጃውን በዱላቸው ይመታሉ። የእኔ ጎማ የት እንደገባ አላውቅም።