ያልመጣችው ስሌት

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ ብድር። ልቤን ይዤ አነሳሁት።

«ስሌቱን እንዴት አየኸው?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ እንደምን አመሸህ እንኳን ሳይል።

የእቁባችን ስሌት መሰለኝ። ባለፈው ወር ሒሳቡ ጎድሎ ተነታርከን ነበርና «ጸሐፊው አስተካክሎታል፤ አሁን ተኛ» አልኩት።

«የምን ጸሐፊ ነው? ስሌት ነው የምልህ! ፒክአፗ! ልግዛት ወይስ ልጠብቅ?»

ታውቁታላችሁ ይህን ሰው። ስሙ ይለያይ እንጂ በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ድንኳን አለ። ያላያትን መኪና ይገመግማል፣ ያልነዳትን «ዳገት ላይ ትሰንፋለች» ይላል፣ ያልገዛትን በስንት እንደሚሸጣት ያሰላል። እኔም ለዓመታት ሳማው ኖሬአለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ተጸጽቻለሁ፤ ይህን የመሰለ ሊቅ ሊወደስ እንጂ ሊታማ አይገባውም። የዛሬው ዓምድ ለእርሱ ይሁን።

አስቀድሞ ስለ ሙሽራዋ። ስሌት በሚያዝያ 2017 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት መቀመጫ፤ በእኛ አገር አነጋገር ነጠላ ጋቢና። ቀለም አትቀባም፤ ከፋብሪካ የምትወጣው በግራጫ የፕላስቲክ አካሏ ነው፤ ግራጫው ያልጣመው ባለቤት የሚለጠፍ ልብስ ያለብሳታል። ራዲዮ የላትም። እንደ ቴሌቪዥን የተንጣለለ ስክሪንም የላትም። መስኮቷ የሚወርደው በእጅ ተጠምዝዞ ነው። ይህ ሁሉ የቀረው ዋጋዋ እንዲረክስ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው 7,500 ዶላር ሲቀነስ ከ20,000 ዶላር በታች ትገኛለች ተብሎ ነበር። ድጎማው በመስከረም 2018 ቀረ፤ ሃያ ሺህ የሚለውም ቁጥር አብሮት ሄደ። ትንሿ ባትሪዋ 52.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ስትይዝ በአንድ ሙሌት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ታስኬዳለች ተብሏል። ለወረፋ 50 ዶላር ማስያዝ ይበቃል። ለገዢዎች መድረስ የምትጀምረው በፈረንጆቹ 2026 መጨረሻ እንደሆነ ተነግሯል። ገዢዎቹ ደግሞ አሜሪካ ያሉት ናቸው እንጂ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡት አይደሉም።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ግን ተራ ሰው የሚጨነቅባት ናት።

«ቅዳሜ ረፋድ ላይ ና፤ ጉባኤ አለን» ስለተባልኩ ሄድኩ። ከእኔ ሌላ አራት ነበሩ። ወዳጄ መሀል ተቀምጧል፤ ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቱ ልጅ 50 ዶላሯን አስይዟልና በዚያች ሃምሳ ዶላር የፋብሪካው ባለአክሲዮን የሆነ ያህል ደረቱን ነፍቷል። «መስኮቷ በእጅ ነው!» ይላል ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሞተር የሌለው መስኮት ምኑ ይበላሻል? ይህ እኮ ፍልስፍና ነው! ሰው ከቁሳቁስ ባርነት የሚላቀቅበት መንገድ ነው!»

«ሞያሌ ታደርሳለች?» ሲል ጠየቀ በቀኙ ያለው።

ይህ ጠያቂ ለመጨረሻ ጊዜ ከአዲስ አበባ የወጣው ለሰርግ ቢሾፍቱ ድረስ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ያውም በሰው መኪና፣ ያውም ተኝቶ። ሞያሌ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ስሌት ወደቀች። እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት ነው! እኛ ከስታዲየም አራት ኪሎ በምን እንሂድ እያልን ስንባክን፣ እርሱ በሕይወቱ የማይረግጠው የድንበር ከተማ ላይ ባትሪ እንዳያልቅበት ይጠነቀቃል።

ቀጥሎ የከፍታ ነገር ተነሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሯ ይታፈናል ተባለ። ስሳሳት ጣልቃ ገባሁ፤ አየር ሲያጥረው የሚታፈነው የነዳጅ ሞተር ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ እንዲያውም የቸርችልን ዳገት ከአሮጌ መኪኖቻችን ይልቅ እርሱ ነው በቀላሉ የሚወጣው አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ። ለቅሶ ቤት የሚስቅ ሰው እንደዚያ ይታያል።

«በሬስ?» አለ በዚህ መሀል ከወዳጄ በስተግራ የተቀመጠው።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። በሬውን ማንም አላሰበውም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ለፋሲካ ስምንት ሆነው ቅርጫ ይገባሉ። ስሌት ከተገዛች ሰንጋውን ከሱሉልታ የምታመጣው እርሷ ናት። ስልክ ወጣ፣ ስሌት ተጀመረ። የመሸከም አቅሟ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ ሰንጋው 450 ኪሎ ቢመዝን፣ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ቢጨመሩ፣ ለጥቂት ይተርፋል። እፎይ ተባለ። ከዚያ ቁመቱ መጣ። የጭነት ሳጥኗ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በሬው ከዚያ ይረዝማል። «ወደ ጎን ይቁም።» «ወደ ጎን ከቆመ ቀንዱ የሰው መስተዋት ይዞ ይሄዳል።» «እንግዲያው የኋላ መዝጊያው ክፍት ይሁን።» «ክፍት ከሆነ ትራፊክ ይቀጣል።» «ማንን? አንተን ወይስ በሬውን?» ይህ ብቻ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛ ዙር ማኪያቶ ታዘዘ።

ቀጥሎ የዝምታዋ ነገር መጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም። በሬ ደግሞ የጭነት መኪና ጩኸት ለምዷል። ጸጥ ያለ ነገር ላይ ቆሞ ሱሉልታ ወደ ኋላው ስትሄድ ሲያይ፣ አገሩ የከዳው መስሎት ቢዘልስ? «የለም፣ እንዲያውም ይረጋጋል፤ ያልደነገጠ በሬ ሥጋው ይለሰልሳል» አለ ሌላው። እሺ፣ ሽንቱስ? ባትሪዋ ያለችው ከወለሉ ሥር ነው። የበሬ ሽንት ቢንጠባጠብባት ዋስትናው ይጸናል? ለአምራቹ ይጻፍ ተባለ። ደብዳቤው በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ። አብሮት ማን ይቀመጥ የሚለውም አከራከረ፤ መቀመጫው ሁለት፣ ቅርጫ ገቢው ስምንት ነውና፣ የቀሩት ስድስቱ በሬውን አምነው እንዴት ይለቁታል?

ጉባኤውን የታደጉት ጥግ ላይ የነበሩት፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ጋሼ ናቸው። «ከእንጦጦ ወዲህ ቁልቁለት አይደለም እንዴ?» አሉ ረጋ ብለው። «ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ጭነቱ በከበደ ቁጥር የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ስለዚህ በሬው ሸክም አይደለም። በሬው ኃይል አመንጪ ነው።»

ጭብጨባ! ወዲያው ሁለት በሬ ቢጫንስ የሚል የማሻሻያ ሐሳብ ቀረበ።

እንግዲህ ፋሲካ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። አምና ሰንጋውን ያመጣላቸው ደግሞ የሰፈራቸው ልኳንዳ ባለቤት ነው፣ በአይሱዙ። ከአራቱ አንዱ እንኳን በሬውን በቁሙ አላየውም፤ መደባቸውን በላስቲክ ተቀብለው ነው የገቡት።

ስለ ጋሼ ግን ጥቂት ልጨምር። እርሳቸው በዚህ ሙያ ሐዋርያ ናቸው። በኅዳር 2012 ሳይበርትራክ የሚባለው የቴስላ ፒክአፕ ሲታይ፣ የማይሰበር ነው የተባለው መስተዋት በብረት ኳስ ተመትቶ መድረክ ላይ ሲሰነጠቅ ዓይተው «ለመስኮቱ ሌላ ዙር ልስጣቸው» ብለው ውሳኔያቸውን አቆዩ። ያኔ የተነገረው መነሻ ዋጋ 39,900 ዶላር ነበር። መኪናው ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ በኅዳር 2016 ሲሆን፣ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ትንሹ ዋጋ 60,990 ዶላር ሆነ። «አየህ አለመቸኮል!» ይላሉ ጋሼ። በእርሳቸው ሒሳብ ባለመግዛታቸው 60,990 ዶላር አትርፈዋል። አሁን ስሌትንም ባለመግዛት ሊደግሙት ነው። በዚህ አያያዝ ከከተማው ባለጸጎች አንዱ የሚሆኑበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ሌላው የማደንቅላቸው ጥያቄ አለማጣታቸውን ነው። «መብራት በሚጠፋበት አገር የምን የኤሌክትሪክ መኪና?» ይሉ ነበር። በጳጉሜን 2017 የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ጥያቄው በማግሥቱ ታደሰ፦ «ኃይሉማ አለ፤ ማከፋፈያው?» በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። እኛ በሬ ስንጭን ብቻ በካፌው ፊት ለፊት ስንቱ ድምፁን አጥፍቶ አለፈ፣ ሰው ጭኖ፣ ሸቀጥ ጭኖ፣ ሕፃናት ጭኖ። ማንም ዞሮ አላየም። የመጣ መኪና ምኑ ይታያል? ሁሉም ይዞታል፤ ዋጋው የታወቀ፣ እንከኑ የታወቀ። ያልመጣችው ግን ጎማዋ አይተነፍስም፣ መድን አትጠይቅም፣ ሰሌዳ አትፈልግም፣ ማቆሚያ ቦታ አታጣም፣ ባለቤቷንም በሠልፍ አታቆምም።

እዚህ ላይ ውዳሴዬን ጥቂት ላቁመው።

ይህ ወዳጄ በሰኔ 2016 እቁብ ወጥቶለት ነበር። 800,000 ብር። ባለቤቱ ፈልጋ፣ ተንከራትታ፣ መካኒክ አሳይታ፣ ዋጋ ተከራክራ አንድ አሮጌ ግን የሚሄድ መኪና አግኝታለት ነበር። የቀረው የእርሱ ፊርማ ነው። «ቆይ፣ የተሻለ እየመጣ ነው» አላት። ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን ተሻገረ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ቀለጠ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ዛሬም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚህ በኅዳር ብርድ፣ በጨለማ የታክሲ ሠልፍ ላይ ቆማለች። አንድ ቀን ተገፍታ ወድቃ ክንዷን ሰብራለች። ይህን በሽሙጥ ልለውሰው አልችልም። ጥንቃቄ አይደለም ይህ፤ ሰው እየተጎዳ የሚዝናኑበት ስንፍና ነው! እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነችው። እኔስ? እኔ ደግሞ በዚያ ሐምሌ እዚያው ካፌ ከጎኑ ተቀምጬ «ልክ ነህ፣ መጠበቅ አይከፋም» ያልኩ ሰው ነኝ። አፍሬአለሁ።

ይሁን። ወደ ሊቃውንቱ ልመለስ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ጉባኤው ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ ውሳኔውም ባለ ትልቁ ባትሪ እስኪታይ ይጠበቅ የሚል ነው። ቃለ ጉባኤ ቢያዝ ፈርመው ይነሡ ነበር። በመሀሉ አስተናጋጇ ሒሳቡን አምጥታ አስቀመጠች። ኪሎ ዋት ሰዓትን ለኪሎ ሜትር ያካፈሉ፣ በሬን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጡ ሰዎች የአሥራ አንድ ማኪያቶ ዋጋ ለአምስት ማካፈል አቃታቸው። ጋሼ ስልክ መጣላቸው። ሞያሌ መጸዳጃ ቤት ሄደ። ከፈልኩ።

ስወጣ ወዳጄ ተከተለኝ። «ወደ ላይ ነህ? ፒያሳ ጣለኝ።»

ኮሮላዬ ከእኔ ትዳር በዕድሜ ትበልጣለች። ረፋዱን ፀሐይ ላይ ቆማ ውስጧ እንደ ምጣድ ግሏል። ወዳጄ ገብቶ በሩን ሁለት ጊዜ ወርውሮ ዘጋ፣ ላቡን ጠረገ፣ መስኮቱን ለማውረድ ቁልፍ ፍለጋ በሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ፤ በመጨረሻ እጀታዋን አገኛት።

«አንተ፣ ይህ መስኮት እስካሁን በእጅ ነው እንዴ የሚጠመዘዘው?» አለኝ ከልቡ አዝኖ። «ሰው በዚህ ዘመን እንዲህ ይሠቃያል?»

እጀታዋ እጁ ላይ ቀረች።