ልጁ ቤቱ ሲገባ በጀቱ ለምን ያልቃል?

ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ ጫማ እየጠረጉ፣ ቆሎና ማስቲካ እያዞሩ የሚውሉ ልጆችን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። አገራችሁ የት ነው ብትሏቸው ብዙዎቹ ሩቅ አይጠሩም። ሜጫ ይላሉ፣ አዴት ይላሉ፣ ደራ ወይም ፎገራ ይላሉ። ከእነሱ ጥቂቱ ዕድል ቀንቶት የሕፃናት ማቆያ ይገባል፤ ወይም ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድገው አደራ ቤተሰብ ያገኛል። በኋላ ወላጆቹ ተፈልገው ይገኛሉ። "ከቤተሰቡ ጋር ተቀላቀለ" ይባልና ፋይሉ ይዘጋል።

ችግሩ ከፋይሉ ጋር ገንዘቡም መዘጋቱ ነው።

ልጁ ማቆያ ወይም አደራ ቤተሰብ ዘንድ ሳለ ለምግቡ፣ ለልብሱ፣ ለደብተሩ የሚያስብ አካል አለ። ትንሽም ብትሆን በጀት ተይዛለታለች። ወደ እናቱ ቤት ሲመለስስ? ትራንስፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ደብተር። ከተገኘም ለእናቲቱ መቋቋሚያ የሚሆን አንዴ የሚሰጥ ገንዘብ። ፎቶ ይነሳሉ፤ ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ይጨመራል። መጀመሪያ ከቤት ያስወጣው ነገር ግን የትም አልሄደም። የእንጀራ አባቱ ዱላ ይሁን፣ ለሁሉም የማትበቃው ቁራሽ መሬት፣ ወይም የእናቱ ሕመም፣ እዚያው ነው የሚጠብቀው። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" እያልን ዕድሉን በጀት አደረግንለት።

ይህ አሠራር ርካሽ ይመስላል። እንግሊዞች ሒሳቡን ሠርተው አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 ባለው ዓመት ከመንግሥት እንክብካቤ ወደ ቤታቸው ከተመለሱት ልጆች 30 በመቶው በ5 ዓመት ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል። ኤንኤስፒሲሲ የተባለው የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳወጣው ግምት ከሆነ፣ እንዲህ ያልተሳካ መመለስ በዓመት 300 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያስወጣል። ለሚመለሱት ልጆችና ቤተሰቦች በሙሉ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ማድረግ ግን 56 ሚሊዮን ገደማ ይበቃዋል።

የእነሱ ልጆች ከቤት የሚወጡበት ምክንያት ከእኛ ይለያል፤ ቁጥሩን አምጥተን እዚህ አንለጥፈውም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ መመለሱ ሳይሳካ ሲቀር ወጪው መንግሥት መዝገብ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚቆጥረው አለ። እኛ ጋ ያልተሳካ መመለስ ደረሰኝ የለውም። ልጁ ተመልሶ ማቆያ አይገባም፣ መናኸሪያ ነው የሚወርደው። ዕዳውን የሚከፍለው ራሱ ነው፤ በብርድ፣ በማስቲሽ፣ ከትምህርት በሚቀርበት ዓመት። የማንም በጀት ላይ ስላልታየ ነው ርካሽ የመሰለን።

ከሁሉ የምትናቀው ወጪ ክትትል ናት። አንድ ባለሙያ ልጁ የገባበትን ቤት በዓይኑ ሊያይ ይገባል። ደቅ ደሴት ላይ ያለ ቤተሰብ ዘንድ ለመድረስ ጀልባ ይፈልጋል። ፎገራ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት መኪናም ሞተርም አይገባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ነዳጅና አበል ከየት ይምጣ? ስለዚህ ስልክ ይደወላል። "ልጁ ደህና ነው?" "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" ኑሮዋን ለማታውቀው ሰው በስልክ የምትዘረዝር የገጠር እናት የት ታውቃላችሁ? ቤቱ ቢቃጠልም መልሱ ይኸው ነው። ክትትል ተደርጓል ተብሎ ይጻፋል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ልጁ በጥር ቢመለስ ጎተራው ገና አልጎደለም፤ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ፈተናው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ። ያኔ ነው አንድ ተጨማሪ አፍ የሚከብደው። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። የመቋቋሚያውን ገንዘብ በመመለሻው ቀን አንዴ ከማስጨበጥ፣ ከፍሎ ለክረምቱ ማቆየት ምን ይከብዳል?

"ለተመለሰ ልጅ ድጋፍ ከሰጠን ወላጅ ሆን ብሎ ልጁን ይልካል" የሚል ክርክር አለ። እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ግን አሁን ያለውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ልጁ ድጋፍ የሚያገኘው ከቤቱ ርቆ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወላጅን የሚያታልል ነገር ካለ ይኸኛው ይብሳል። የጎረቤት ቅሬታም እውነት ነው፤ እዚያው መንደር ከቤቱ ያልወጣ የተራበ ልጅ አለ። ስለዚህ ሁሉን ጥሬ ገንዘብ ከማድረግ፣ ለመላው ቤተሰብ የጤና መድህን መዋጮውን መክፈልና የትምህርት ወጪውን በትምህርት ቤቱ በኩል መሸፈን ይሻላል።

ሕጉማ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ልጆችን ከቤተሰብ መልሶ ማቀላቀልም አደራ ቤተሰብም ውስጡ ተካተዋል። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ መለያ ምክንያት መሆን የለበትም፣ ይልቅ ቤተሰቡ ድጋፍ እንደሚሻ ምልክት ነው ይላል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ሲዘጋ ልጆቻችንን እዚሁ እናሳድጋለን ብለን ነበር። ለዚያ ቃል የሚሆን ገንዘብ አብሮ አልመጣም።

አደራ እናቶችንም እንርሳቸው አይባልም። ልጅ አብልቶ፣ አስታሞ፣ አንድ ቀን ጠዋት "በሉ ደህና ሁኑ" መባል ቀላል አይደለም። ልጁ አልፎ አልፎ እንዲደውልላት ካርድ መሙላት ስንት ብር ነው? እናቱ ጋ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ ምናልባት አደራ እናቱ ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ። ልጁ የተገኘው ባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ቤተሰቡ ያለው ጎጃም ወይም ደቡብ ጎንደር ወረዳ ውስጥ ነው። ከተማው "ከወሰኔ ወጣ" ይላል። ወረዳው "በዕቅዴ አልያዝኩትም" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከተማውም ወረዳውም የአንድ ክልል ናቸውና የክትትሉን ገንዘብ የክልሉ ቢሮ ይያዘው፤ ልጁ በተመለሰበት ቀን የሚዘጋ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ተከትሎት የሚሄድ፣ የባለሙያው ትራንስፖርት ራሱን ችሎ የተቀመጠበት በጀት ይሁን። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብም የምክር ቤት አባላት ስንት ልጅ መለሳችሁ ብለው አያብቁ። አምና ከመለሳችኋቸው ስንቱ ዛሬም ቤቱ አለ ብለው ይጠይቁ።