በመዶሻ የሚሰቀል ጥናት

እኔ በምኖርባት በሰሜን ስዊድን በምትገኘው የኡሜዮ ከተማ አንድ ዕጩ ዶክተር ጥናቱን ጨርሶ ለዲፌንስ፣ ማለትም በአደባባይ እየተጠየቀ ለሚከላከልበት ዕለት፣ ሲዘጋጅ፣ ከዕለቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የታተመውን ጥራዝ በመዶሻና በምስማር ሰሌዳ ላይ ይሰቅለዋል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባልደረቦቹ ቡናና ኬክ ይዘው ከበውታል፣ የጥራዙ ጥግ ተበስቶ በሲባጎ ታስሯል፣ ዕጩው ደግሞ መዶሻ ይዞ ያላበዋል። ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው። ጥናቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአደባባይ ሆኗል፤ የፈለገ ሰው አንስቶ ሊያነበው፣ በዲፌንሱም ዕለት አዳራሹ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ ጽሑፉ በኢንተርኔትም ይለቀቃል፤ መዶሻው ግን አልቀረም።

የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሆነ፣ በ1950 ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ15 ዓመት ያንሳል። ይህ ታናሽ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳዊቷን ተመራማሪ ኤማኑዌል ሻርፓንትዬን ተቀብሎ ላቦራቶሪ ሰጥቷት ነበር። ዘረ መልን በተፈለገው ቦታ ቆርጦ ለማስተካከል የሚያስችለው የክሪስፐር ዘዴ ከተወለደባቸው ሥራዎች ከፊሉ የተሠራው እርሷ እዚህ በነበረችባቸው ዓመታት ሲሆን፣ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከጄኒፈር ዱድና ጋር ተካፍላለች። ወገኖቻችን ይህን የመሰለ ነገር ሲሰሙ «ፈረንጅ ጎበዝ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ስሠራ የታዘብኩት ልዩነት ግን ከጉብዝና በፊት የሚመጣ ነው። እዚህ የዶክትሬት ተማሪ ማለት ደመወዝና ጡረታ ያለው ሠራተኛ ነው፤ የማስተማርና መሰል ሥራው ከጊዜው ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰኞ ያዘዝነው ኬሚካል በሳምንቱ መጨረሻ እጃችን ይገባል። አገር ቤት የሚያስተምር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ግን ለአንዲት ጠርሙስ ኬሚካል የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጠብቅ የክረምቱ ናሙና ተበላሽቶበታል፤ ይህንንም ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

እንዲህም ሆኖ አገር ቤት ምርምር የለም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ይህን ያስተማረኝ እዚሁ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ፀሐይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ብቅ በምትልበት በአንድ የታኅሣሥ ቀን በሕክምና ጥናቶች መደርደሪያ መካከል ስዘዋወር፣ በጥራዞቹ ሽፋን ላይ ቡታጅራ የሚለውን ስም ደጋግሜ አየሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍልና የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀምረው፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ቤት ለቤት ሲመዘግቡ ኖረዋል። የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት ገጠር ይህ ራሱ ሀብት ነው። በዚያው መሠረት ላይ ቆመው የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎቻችን ከ68,000 የሚበልጡ ጎልማሶችን በየቤታቸው መርምረው፣ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር በተባሉት ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የታመሙትን ለይተው፣ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ «ስኪዞፍሬኒያ በድሃ አገር ይቀልላል፣ ዘመድ አዝማድ ይደግፈዋልና» ሲሉ የቆዩ ሲሆን፣ የቡታጅራው ክትትል ግን ለብዙዎቹ ሕመሙ ፋታ የማይሰጥ እንደነበር አሳይቶ ያንን ማጽናኛ መሳይ እምነት ተፈታትኖታል። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ የዓለምን የሕክምና ክርክር የነካ ሥራ ነው።

ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ሥራ መኖሪያው የት ነው? ጥራዙ ኡሜዮ ተሰቅሏል፣ ጽሑፉ በአውሮፓና በአሜሪካ መጽሔቶች ወጥቷል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም በየዓመቱ ውጤታቸውን ሲቆጥሩ ያስገቡታል። የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ነገርም ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት እርሳቸው ናቸው። እንዶድን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት ለመጠቀም ግን ደኅንነቱ ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሉት ላቦራቶሪ ተፈትኖ ካልመጣ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት እዚሁ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ነበር። እነዚያ አጣቢ ሴቶች የዕውቀቱ ምንጭ መሆናቸውን የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የስዊድንን የምርምር ውጤት ቆጠራ ግን እንደ ታቦት የሚያከብሩትን ወገኖቼን አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም በአይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ ወጣት ከፕላስቲክ የተሠራ የአየር ቧንቧ ተከለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ እኛም ሐበሾች በየቡናው ላይ የእኛ ልጅ ዳነ ተባባልን። ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ ወጣ፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም እየጠቀሱት ሄዱ፤ በውጤት ሚዛን ቢለካ ድንቅ ሥራ ነበር። ወጣቱ በ2014 ሞተ። እዚያው የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ማኪያሪኒ ቧንቧ የተከለላቸውን ታማሚዎች ፋይል ከታተሙት ጽሑፎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ አልገጠመላቸውም፤ ቢናገሩም መጀመሪያ የተወቀሱት እነርሱ ነበሩ። ላንሴት ጽሑፎቹን የሰረዘው በ2018 ነው፤ በ2023 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሐኪሙን የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት። ስለዚህ ስዊድንም ቢሆን ወረቀት እየቆጠረ ሰው ረስቶ ያውቃል። የጠቀመው ፋይሉ መቀመጡና ፋይሉን የሚያነብ ልበ ሙሉ ሰው መገኘቱ ነው።

ከሁሉም የማስቀናው ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም፣ በብዙዎቹ የስዊድን ጥራዞች ውስጥ ለተራ አንባቢ የተዘጋጀ የስዊድንኛ ማጠቃለያ አለ፤ የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግም ዩኒቨርሲቲዎች ምርምራቸውን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያዛል። ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ ስለ ልብ ሕመም አዲስ ጥናት ወጥቷል ብሎ የሚነግረኝ ከዚያ አንብቦ ነው። የእኛዎቹ የሕክምና ጥናቶች፣ እዚህም ይሠሩ እዚያ፣ ካገላበጥኳቸው መካከል በአማርኛም ሆነ በተጠኚዎቹ ቋንቋ አኅጽሮተ ጥናት ያላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ጠያቂው በአማርኛ ወይም በጉራግኛ ጠይቆ፣ መላሿ በዚያው መልሳ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ በኋላ ወደ መጣበት አይመለስም።

ባለፈው ዓመት ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ አንዲት እናት የምሠራውን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ እኛም አገር መጥተው ደማችንን ወስደው ነበር፤ ምን አገኙበት?» አሉኝ። ከወረዳው ስም በቀር ዓመቱንም የመጡትንም ስለማያውቁ ጥናቱን ፈልጌ አጣሁት። እንዳላሳፍራቸው ብዬ ከቡታጅራው የአእምሮ ሕመም ክትትል ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ ልመልስላቸው ተነሣሁ፤ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ የታመሙትንና በአጠቃላይ ታመው ያሉትን የሚለዩትን ሁለት ቃላት፣ እኛ ሁለቱንም ስርጭት ብለን ስለምናልፋቸው፣ እንዴት እንደምለያቸው ጨንቆኝ በመጨረሻ እንደ ተረት ዘርዝሬ ጻፍኩት። እኚህ እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ያን ጊዜ መድኃኒት የጀመሩት ልጆች አሁንም ያገኛሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥራዙን ደግሜ ገለጥኩት፤ ጥያቄያቸው ከጥናቱ ጥያቄዎች መካከል አልነበረም።