የመታወቂያችን ኮፒ የት ቀረ?

ባለፈው ሰሞን የአንድ ማመልከቻ አባሪዎችን ለማሳተም ሰፈራችን ወዳለው ኮፒ ቤት ገባሁ። ሠራተኛዋ እንደተለመደው «በቴሌግራም ላኩልኝ» አለችኝና ላክሁላት። ፋይሌን ፍለጋ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ታች ስትወርድ እኔ ከጎኗ ቆሜ ማየት የማይገባኝን ሁሉ አየሁ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከፊትም ከኋላም የተነሣ የፋይዳ ካርድ፣ የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ፣ የአንዲት ሕፃን የልደት የምስክር ወረቀት። ልጅቷ ምንም ክፉ ሐሳብ የላትም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። ነገር ግን ማታ ቤቱ ሲዘጋ ያን ሁሉ ሰነድ የሚያጠፋው ሰው የለም፤ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ፊት ማን እንደሚቀመጥም ባለመታወቂያዎቹ አያውቁም።

ስለ ኦንላይን ማጭበርበር በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ምክር «የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ለቤተሰቤ እደግመዋለሁ። ሆኖም አጭበርባሪው ስልክ የሚደውለው አብዛኛውን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መሆኑን ይህ ምክር አይነግረንም። ቁጥሩን ከመጠየቁ በፊት ሙሉ ስማችንንና የምንገለገልበትን ባንክ ያውቃል፤ እኛም የምናምነው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አክስቴ የደረሰባትን ልናገር። የደወለላት ወጣት ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጠርቶ ሰላምታ ካቀረበላት በኋላ፣ «ሒሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተሳሰረ ዛሬ ማታ ሊታገድ ነው፤ እዚያ ድረስ መጥተው ወረፋ እንዳይጉላሉ እዚሁ በስልክ ልጨርስልዎ» አላት። በዚያን ሰሞን ባንኮች ደንበኞቻቸውን ፋይዳችሁን አሳስሩ እያሉ በእርግጥም መልእክት ይልኩ ስለነበር ነገሩ አላጠራጠራትም። ልጁ ትሑት ነበር፤ «እናቴ» እያለ ነበር የሚያናግራት። ስልኳ ላይ የገባውን ባለስድስት አኃዝ ቁጥር መነጽሯን አጥልቃ ቀስ ብላ አነበበችለትና «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላ ዘጋችው። የጡረታ ገንዘቧ መወሰዱን ያወቀችው በማግሥቱ ነው። ለእኛ የነገረችን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ «እንዴት ትሰጫለሽ?» መባሉን ፈርታ።

ይህን ጥያቄ ከአፋችን ብናወጣው እወዳለሁ። የሚያሳፍር ነገር የሠራው ሌባው ሆኖ ሳለ የተሰረቀው ሰው አንገቱን ከደፋ፣ ቶሎ ለባንክ መንገር በሚያስፈልግበት የመጀመሪያ ሰዓት ዝም ይላል፤ አጭበርባሪዎችም የሚፈልጉት ያንኑ ዝምታ ነው።

የማረጋገጫ ቁጥሩ ምን እንደሆነ በወጉ ያስረዳን አካል አለመኖሩም ያሳዝነኛል። ደዋዩ በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን ወይም የቴሌብርን መተግበሪያ ከፍቶ የእኛን ስልክ ቁጥር ያስገባል። ሥርዓቱም ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ቁጥር የሚልከው ወደ እኛ ስልክ ነው። ያን ቁጥር ስናነብለት የእርሱ ስልክ ወደ እኛ ሒሳብ እንዲገባ በር ከፈትንለት ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ሳንጠይቅ የመጣ ቁጥር ሁሉ፣ በዚያችው ደቂቃ አንድ ሰው በራችንን እየሞከረ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። የቴሌግራም ባለአምስት አኃዝ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ ከምናውቀው ሰው ይመጣል፤ ስልካችንንና ቁጥሩን ካስገባን አካውንታችን ይወሰዳል፤ ከዚያ በእኛ ስምና ፎቶ ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ላለ ዘመድ «ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፣ ገንዘብ ቶሎ ላክልኝ» ተብሎ ይጻፋል። በስደት ያለ ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው የሚያስበው ስለ ወገኑ እንጂ ስለ አካውንት ደኅንነት አይደለም። የቴሌግራም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማብራት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ይህን ያነበበ ሰው ዛሬውኑ ለእናቱም ስልክ ቢያበራላት ደስ ይለኛል።

ከዚህ በላይ ያለው ግን የተቋማት ሥራ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። ለዘመናት ገንዘብ በእጅ ቆጥሮ የሚቀባበል ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ወደ ስልክ ሲሻገር፣ ብዙ አዛውንት ወኪል መስኮት ላይ ስልካቸውን ሰጥተው «አንተው ንካልኝ ልጄ» እያሉ ፒናቸውን ወረፋው ሁሉ እየሰማ ይናገራሉ። በእነርሱ ላይ መፍረድ አይገባም። አዲስ ስልክ ወደ ሒሳባችን ሲገባ ቢያንስ ለአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ እንዳያወጣ ማድረግ፣ የሚላከውም መልእክት ከቁጥሩ በፊት «ይህን የሚጠይቅዎ ሌባ ነው» ብሎ በግልጽ አማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እንዲጀምር ማድረግ ለባንኮች ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ አካል ለተወሰነ ዓላማ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንዲሰበስብና የሰበሰበውንም እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ታዲያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ የተሠራውን ፋይዳ ይዘን ስንሄድ መሥሪያ ቤቶች አሁንም «ኮፒውን አያይዙ» የሚሉን ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ኮፒ ተነሥቶ የሚቀመጥበት፣ የሚረሳበትና አንዳንዴም የሚሸጥበት ቦታ አለው። የአክስቴ ደዋይ ስሟን ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ መታወቂያዋን ኮፒ አድርጋ ያስገባችባቸውን ቢሮዎች ልትቆጥርልን ሞክራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ተወችው።

ያን ቀን ከኮፒ ቤቱ ከመውጣቴ በፊት የላክሁትን ከሁለታችንም ቴሌግራም ሰረዝሁትና ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውንም እንድታጠፋልኝ ልጅቷን ጠየቅኋት። ምንም ሳትቀየም አጠፋችልኝ። ከእኔ በላይና በታች የነበሩት ሰዎች ሰነዶች ግን እዚያው እንዳሉ ናቸው።