ልዩነቱ ዕድሜ አይደለም
ስለ ስታርታፕ ያነበብኩት ጽሑፍ «አዲስ የተከፈተ ትንሽ ድርጅት ሁሉ ስታርታፕ ነው» ማለቱ ላይ አልስማማም። ስታርታፕ በፍጥነት እንዲያድግ ታስቦ የሚቋቋም ድርጅት ነው። ከተራ ትንሽ ድርጅት የሚለየውም በዋናነት የሚያድግበት መንገድ ነው። ፀጉር አስተካካይን እንውሰድ። አንድ ወንበር፣ አንድ መቀስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ራስ። ደንበኛ ሲበዛ ሌላ ወንበር፣ ሌላ ባለሙያ፣ ሰፋ ያለ ቤት ያስፈልገዋል። ገቢውም ወጪውም አብረው ነው የሚያድጉት። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ግን መተግበሪያው 450 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚ ነበረው። ሠራተኞቹ? 55 ያህል ብቻ! አንዴ የተጻፈ ሶፍትዌር ለሚሊዮኖች ያገለግላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ የገንዘቡ ነገር ነው። ባንክ ያበደረውን ከነወለዱ ካገኘ በቃው። የቬንቸር ካፒታል ባለሀብት፣ ማለትም በጀማሪ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው፣ ግን የሚገዛው የድርጅቱን ድርሻ ነው። ገንዘቡን ካፈሰሰባቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ እንደሚከስሩ ያውቃል። ስለዚህ የሚተርፉት ጥቂቶች የሌሎቹን ኪሳራ ጭምር እንዲያካክሱለት ይፈልጋል። በየዓመቱ ደህና ትርፍ የሚያስገባ፣ ቤተሰብ ቀጥ አድርጎ የሚያስተዳድር ሥራ ለእሱ ምኑም አይደለም። «ቶሎ እደጉ» ይላል። ደህና ይሄድ የነበረ ሥራ በዚህ ጥድፊያ ሲንኮታኮት ማየት ያንገበግባል። ቀጣዩ ጽሑፍ በዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።